ስልኩን ለምን አላቀበለችውም?

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከባለቤቴ ጋር «ቢፎር ሚድናይት» የተባለውን ፊልም አየን። ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ሊንክሌተር ኢታን ሆክንና ጁሊ ዴልፒን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1995፣ በ2004 እና በ2013 ያወጣው ታሪክ ሦስተኛ ክፍል ነው። ከልጆች ጋር የሚታይ አይደለም፤ ቀድሜ ልናገር።

በመጀመሪያው ክፍል ጄሲና ሴሊን ባቡር ላይ ተዋውቀው ቪየናን በእግራቸው ሲዞሩ ያነጋሉ። በሁለተኛው ፓሪስ ላይ ሲገናኙ እሱ አግብቶ ወልዷል። ያንን ክፍል ያየን ሁሉ «ምናለ ከዚህችው ጋር በቀረ!» ብለናል። ስለ ልጁ ያሰበ ማን ነበር?

ሦስተኛው የሚጀምረው በዚያ ልጅ ነው። የትምህርት ቤት ዕረፍቱን ግሪክ አገር ከአባቱ ጋር ያሳለፈው ሃንክ ወደ አሜሪካ፣ ወደ እናቱ ሊመለስ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሟል። አባት ያንንም ይህንንም እያነሣ ይለፈልፋል፤ ልጅ ባጭር ባጭሩ ይመልሳል። ሃንክ ከዐይን ሲርቅ ጄሲ ወደ ውጭ ይወጣል። ሴሊንና መንታ ሴት ልጆቻቸው መኪናው ጋ ናቸው።

በገበታ ዙሪያ የሚደረገው ፍልስፍና ረዝሞብኛል። የሆቴሉ ጠብ ግን! ወዳጆቻቸው ልጆቹን ይዘውላቸው፣ ባልና ሚስት ለአንድ ሌሊት ብቻቸውን ሊሆኑ ነው። ስልክ ይጠራል፤ ሃንክ ነው። ሴሊን አናግራው ለአባቱ ሳታቀብል ትዘጋዋለች። ከዚያ በኋላ የማይነሣ ነገር የለም፤ የእሷ ሥራ፣ የቤቱ ጣጣ፣ የእሱ ቺካጎ ሄዶ ከልጁ አጠገብ የመኖር ምኞት። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ለዚህ ነው ጠቡ የሚያመው።

ባለቤቴ እዚህ ላይ ፊልሙን አቆመችው። «እኔ አቀብልህ የለ?» አለች። ታቀብለኛለች። የመጀመሪያው ልጄ አዳማ እናቱ ዘንድ ነው የሚኖረው፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን የሚደውለው በእሷ ስልክ ነው። «እትዬ» እያለ ሲያወራት ሳቁ ሳሎን ድረስ ይሰማል። ስልኩ እኔ እጅ ሲገባ ይቀዘቅዛል።

«ስለ ሒሳብ ፈተና ብቻ ስለምትጠይቀው ነዋ!» አለችኝ።

እሑድ ሲደውል ስልኩን ተቀበልኩና ስለ ኳስ ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለ። «አባዬ፣ ኳስ እኮ ካቆምኩ ዓመት ሆነኝ» አለኝ።