«ድጋሚ ምረጡኝ» ብሎ የማያውቅ ተመራጭ

በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ለይፋግ ወይም ለሌላ የሊቦ ከምከም ቀበሌ ምክር ቤት የተመረጠ ሰው የተሰጠው ውክልና የ5 ዓመት ነበር። አምስቱ ዓመት በ2010 ዓ.ም. አለቀ። አሁን 2018 ላይ ነን። ሰውየው ካልሞተ፣ አካባቢውን ለቆ ካልሄደ ወይም በግምገማ ካልተነሣ ዛሬም በወረቀት ላይ የሕዝብ ተወካይ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ግን አንድ ቀን እንኳ ወደ መራጮቹ ተመልሶ «ይህን ሠርቻለሁ፣ ይህ አቅቶኛል፣ ድጋሚ ምረጡኝ» አላለም። ሕዝቡን ስለናቀ ላይሆን ይችላል። እንዲህ የሚልበት ቀን ስላልመጣ ነው።

የወረዳና የቀበሌ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ያኔ ነው። በ2010 ተራዘመ፣ በ2011 እንደገና ተራዘመ፣ በ2012 ኮሮና መጣ። በሰኔ 2013 ስድስተኛው አገራዊ ምርጫ ሲካሄድ ሕዝቡ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት ድምፅ ሰጠ፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋም የከተማ ምክር ቤታቸውን መረጡ። ወረዳና ቀበሌ ግን ከሰልፉ ቀሩ። የምርጫ አዋጁ፣ ቁጥር 1162/2011፣ የአካባቢ ምርጫን ከጠቅላላ ምርጫ ጎን ለጎን በስሙ ጠርቶ አስቀምጦታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 በየጊዜው በሚካሄድ ምርጫ የመምረጥና የመመረጥ መብት በማንኛውም የመንግሥት እርከን እንደሚሠራ ይናገራል። የቀበሌ ነዋሪ ይህ መብት የለውም የሚል ሐረግ የትም የለም።

«የ2005ቱስ ምን ምርጫ ነበርና?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። 33 ፓርቲዎች ራሳቸውን አግልለው፣ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ወንበር ከጥቂቶቹ በቀር በሙሉ ኢሕአዴግና አጋሮቹ እጅ የገባበት ምርጫ ነው። ፉክክር ነበር ብሎ መከራከር ያሳፍራል። ነገር ግን የይስሙላ ምርጫ መድኃኒቱ እውነተኛ ምርጫ ነው እንጂ ምርጫውን ጭራሽ መተው አይደለም።

ደግሞም ተመራጭን በየጊዜው እየጠሩ መጠየቅ ለገጠሩም ሆነ ለትንሽ ከተማ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እድርን ማየት ይበቃል። የእድሩ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ጊዜያቸው ሲደርስ በአባላቱ ፊት ይቆማሉ። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ድንኳኑ ለምን ተቀደደ፣ የእገሌ ሐዘን ጊዜ ወንበሩ ለምን ዘገየ፤ ሁሉም ይነሣል። አንዳንዱ ይቆጣል፣ አንዳንዱ ያስታርቃል። ከዚያ ወይ «አንተው ቀጥል» ይባላል፣ ወይ «እግዜር ይስጥልን፣ አሁን ደግሞ ሌላ ይሞክር»። የተሻረው ሰው በማግስቱ እዚያው እድር ውስጥ ተራ አባል ሆኖ ድንኳን ይተክላል። ለአንድ ድንኳንና ለጥቂት ድስት ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሕዝብ መሬቱን፣ ግብሩንና ዳኝነቱን ለያዘው ምክር ቤት ይህ ቀን ለ13 ዓመት ተነፍጎታል።

የቀበሌ ምክር ቤት ሥራ ደግሞ ቀላል አይደለም። የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኞችን የሚሾመው እሱ ነው። የድንበር ግፊያ፣ የአነስተኛ ገንዘብ ክርክር የሚታየው እነሱ ዘንድ ነው። የሿሚው ዘመን ካለፈ የተሿሚው ሥልጣን በምን ላይ ቆመ? አንድ ደረጃ ከፍ ሲባል ደግሞ የወረዳ ምክር ቤት አለ፤ የወረዳውን በጀት የሚያጸድቀው እሱ ነው። ደቡብ ጎንደር ዞን ራሱ የተመረጠ ምክር ቤት ስለሌለው፣ ከክልሉ ምክር ቤት በታች ገበሬው ድምፁን የሚያሰማበት ሌላ በር የለም።

ይፋግ ዛሬ ትንሽ ከተማ ትሁን እንጂ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጎንደር ወደ ጎጃም በሚወስደው የነጋዴ መንገድ ላይ ከታወቁት ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች፤ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ የሚመነዘርባት። ያኔ ቀረጥ ተቀባዩን የሚሾመውም የሚሽረውም ከላይ ያለው ጌታ ነበር። ነጋዴው ሹሙ ቢበድለው ከመታገሥ ወይም ለጌታው አቤት ከማለት ሌላ መንገድ አልነበረውም። ዛሬስ? የቀበሌ አስተዳዳሪው የሚነሣው ከላይ በመጣ ግምገማ ነው፤ የሚተካውም በምደባ። ሹም ሽር ስሙን ለወጠ እንጂ አልሄደም። ዓይኑ ወደ ላይ የሆነ ሹም ደግሞ የጎረቤቱን የውኃ ችግር የሚያስታውሰው ሪፖርት ሲጠየቅ ብቻ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሁሉም ያውቀዋል። ክፉ ተረት ነው፤ ሆኖም ይህ ተረት እንኳ ሽረት መምጣቱን አይጠራጠርም።

በዚህ ነገር የተጎዳው ሕዝቡ ብቻ አይደለም። በጎ ሠርቶ ያለፈው ተመራጭም ተጎድቷል። በትንሽ ከተማ ምክር ቤት ተቀምጦ ለገበያው ቦታ የተሟገተ፣ ለምንጩ አጥር የለመነ፣ የሁለት ቤተሰብ ጠብ ያበረደ ሰው አለ። ይህ ሰው «መሥራቱን አይተናል» የሚል ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። ከሰነፉና ከጉቦኛው ጋር በአንድ ስም፣ «የቀበሌ ሰዎች» ተብሎ ይጠራል። ሁለቱን የሚለያቸው የድጋሚ ምርጫ ቀን ነበር።

አሁን የሚሰጠው ምክንያት ሰላም ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ቀልድ አይደለም፤ ጥይት በሚጮህበት ቦታ የድምፅ መስጫ ሳጥን ይቀመጥ የሚል ጤነኛ ሰው የለም። ነገር ግን ውክልናው ያለቀው ግጭቱ ከመጀመሩ 5 ዓመት አስቀድሞ ነው። ተኩስ በማይሰማባቸው ሌሎች ክልሎችም የቀበሌ ምርጫ አልተካሄደም። ጎረቤት ኬንያ በዚያው በ2005 ዓ.ም. 1,450 የዋርድ ተወካዮችን መረጠች። በ2009 መረጠች፤ በ2014ም መረጠች፤ ያውም ከፕሬዚዳንቱ ጋር በአንድ ቀን። በየጊዜው ብዙዎቹ የዋርድ ተወካዮች ወድቀው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። የ2009ኙ የፕሬዚዳንት ምርጫ በፍርድ ቤት ተሽሮ አገሪቱ ስትታመስ እንኳ በዚያው ቀን የተካሄደው የዋርድ ምርጫ አብሮ አልተሻረም።

ሌላው ምክንያት ብዛቱ ነው። በ2000 ዓ.ም. የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 ሰው እንዲይዝ ሲደረግ ቁጥሩ ለጭብጨባ እንጂ ለክርክር አልታሰበም። 300 ሰው የሰበሰበ የቀበሌ ምክር ቤት ተናጋሪው አራት አምስት ሰው ነው፤ ሌላው እጅ ያወጣል። ወንበሩ ወደ 30 ወይም 40 ቢወርድ ምርጫው ይረክሳል፣ ጎረቤት ተወካዩን በስም ያውቀዋል፣ «የት ነበርክ?» ለማለትም አድራሻው አይጠፋውም። ይህን ለማስተካከል የጦርነት ማብቃት አይጠበቅም። ሕግ አውጪዎቹ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው የሚጨርሱት ሥራ ነው። ሰላም ባለባቸው ወረዳዎች መጀመር፣ ለቀሩት ደግሞ ቀን መቁረጥ ይቻላል። እስከዚያው ዘመናቸው ያለፈ ምክር ቤቶች በዓመት አንድ ጊዜ ነዋሪውን ሰብስበው ሒሳብ ቢያቀርቡ የሚከለክላቸው አዋጅ የለም። እድሩ የሚሰበሰብበት ሜዳ ይበቃቸዋል።