ኦፓሉን አትዘፍዝፉት
ከወሎ ደላንታ፣ ከወገል ጤና ገደል እየተቆፈረ የሚወጣው ኦፓል ባሕር ማዶ “ፈዋሽ ድንጋይ” እየተባለም ይሸጣል፤ ገዢው “ላንጻው” ብሎ የጨው ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፣ በጭስ ያጥነዋል። ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ የኦፓል ቀለበት ያጠለቀች እመቤት ግን ይህን ባታደርግ ይሻላታል። የወሎ ኦፓል ውኃ ይመጥጣል፤ ሲነከር ኅብረ ቀለሙ ጠፍቶ መስታወት ይመስላል፣ በቀናት ውስጥ ሲደርቅ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ቅቤ፣ ሽቶ ወይም የሳሙና እጣቢ ከገባበት ግን ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ወጥ ከመሥራትዎ በፊት ያውልቁት፣ በለስላሳ ጨርቅ ይወልውሉት፣ ከምድጃ ያርቁት። ፈውስ ለሚሻ ጠበሉም ጤና ጣቢያውም አለ። መንጻት ያለበትስ ንግዱ ነው፤ ጌጡ በውድ ሲሸጥ፣ ገደል ውስጥ ነፍሱን አስይዞ የሚቆፍረው ወጣት ተገቢ ዋጋውን ሊያገኝ ይገባል።