«የልጆች ጨዋታ ነው» አንበል



አሰላ የተማሪ ከተማ ናት። ከዲገሉና ጢጆም ሆነ ከሌሎች የአርሲ ወረዳዎች የሚመጡ ልጆች ስንቃቸውን ይዘው፣ ቤት ተከራይተው ይማራሉ። ማታ ሲገቡ «ውሎህ እንዴት ነበር?» የምትላቸው እናት አጠገባቸው የለችም። እንዲህ ያለውን ልጅ «ፋራ» እያሉ በአነጋገሩ ሲያላግጡበት፣ በጫማው ሙድ ሲይዙበት፣ ፎቶውን በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ለጥፈው ሲሳለቁበት ከትልልቆች የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «የልጆች ጨዋታ ነው፤ ያልፋል።»

ይህን አባባል እንቃወማለን። ጨዋታ ሁሉም አብሮ የሚስቅበት ነው። አንዱ እያለቀሰ ሌላው የሚስቅበት ጨዋታ የለም።

ጌታችን ስድብን የት እንዳስቀመጠው እናስተውል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ወንድሙን የሚሳደበውን ሰው ያነሣው ስለ መግደል በሚያስተምርበት ስፍራ ነው። እርሱ ያከበደውን እኛ ለማቅለል ምን ሥልጣን አለን?

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ፣ ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ገደማ በአንድ ወር ውስጥ ብቻ በእኩዮቹ ጥቃት ደርሶበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ላሉት ሦስተኛው የሞት ምክንያት ይህ ነው። ፌዝ ብቻውን ምክንያት ነው አንልም፤ ድብርት፣ የቤት ውስጥ ችግርና ብቸኝነትም አሉ። ነገር ግን በእኩዮቻቸው የሚጠቁ ልጆች ራስን የማጥፋት ሐሳብ ይበልጥ እንደሚያድርባቸው ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል።

«እምነቱ ደክሞ ነው» የሚሉም አሉ። ኤልያስም እኮ ሞትን ለምኗል። በ1ኛ ነገሥት 19 እግዚአብሔር አልገሠጸውም፤ እንዲተኛ ተወው፤ እንጎቻና ውኃ ላከለት፤ ቃሉ የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው።

«ጴንጤ» መሳለቂያ በነበረበት ዘመን ያደጉ አባቶችና እናቶች ይህን ቁስል ያውቁታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ታዲያ የተወጋ ሕዝብ እንዴት ወጊ ልጆች ያሳድጋል?

ወላጆች፣ ልጃችሁ ተሳዳቢ ከሆነ እጁን ይዛችሁ ይቅርታ አስጠይቁት። የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎች፣ ዝም ያለውን ልጅ ለብቻው ቀርባችሁ «መሞት አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፣ ሸክሙን ያቀልላል። አስቤያለሁ ካለ ብቻውን አትተዉት። ጸልዩለት፤ ወደ ሐኪምም ውሰዱት። አሰላ ሪፈራል ሆስፒታል ያላት ከተማ ናት፤ ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም።

ይህን የምታነብ፣ የምታነቢ ወጣት፣ የሰጡህ ቅጽል ስም ስምህ አይደለም፤ የሰጡሽም ስምሽ አይደለም። ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ። ጌታ በስማችሁ ያውቃችኋል።