የመምህሩን እጅ ያስታጠበው

ወደ ዮርዳኖስ የሚወርዱ ተሳላምያን ኢያሪኮ ሲደርሱ ከገዳመ ቆሮንቶስ ግርጌ የሚፈልቀውን የኤልሳዕን ምንጭ ይጎበኛሉ። ነቢዩ ጨው ጨምሮ የፈወሰው ውኃ መሆኑ ይነገራቸዋል፤ ጸሎት አድርሰው፣ በረከት ተቀብለው ይመለሳሉ። እኛ ዛሬ ልናነሣ የወደድነው ግን ከዚህ ተአምር በፊት የነበረውን፣ አንባቢ ብዙ ጊዜ ሳያስተውል የሚያልፈውን ሌላ ውኃ ነው።

ሦስት ነገሥታት በሞዓብ ላይ ዘምተው በኤዶም ምድረ በዳ ሰባት ቀን ከዞሩ በኋላ ለሠራዊቱም ለእንስሳቱም ውኃ ታጣ። የይሁዳ ንጉሥ ኢዮሣፍጥ በዚያ ነቢይ ይገኝ እንደ ሆነ በጠየቀ ጊዜ ከእስራኤል ንጉሥ አገልጋዮች አንዱ ኤልሳዕን ጠቆመ። ሲያስተዋውቀውም ዮርዳኖስን ስለ መክፈሉ ወይም የኢያሪኮን ምንጭ ስለ መፈወሱ አልተናገረም። በኤልያስ እጅ ላይ ውኃ ያፈስስ የነበረ ሰው መሆኑን ብቻ ገለጠ (2ኛ ነገ. 3፥11)። ኢዮሣፍጥም ሌላ ማስረጃ አልፈለገም፤ የእግዚአብሔር ቃል ከዚህ ሰው ዘንድ እንዳለ ወዲያው ተቀበለ።

ይህ ምስክርነት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ማዕድ ሲቀርብ እንግዶችንና ታላላቆችን የሚያስታጥበው የቤቱ ልጅ ነው። ማንቆርቆሪያውን ይዞ፣ ፎጣውን በክንዱ አንጠልጥሎ፣ ጎንበስ ብሎ በየተራ ያፈስሳል፤ እደግ ተመንደግ እየተባለም ይመረቃል። ሽማግሌዎች የሚጫወቱትን፣ ሲከፉም ሲታረቁም የሚሉትን የሚሰማው በዚያች ሰዓት ነው። ማንም ቁጭ ብለህ ተማር አላለውም፤ ሆኖም ይማራል።

ኤልሳዕ ድሃ አልነበረም። ኤልያስ መጐናጸፊያውን በጣለበት ቀን በአሥራ ሁለት ጥማድ በሬ ያርስ ነበር። በሬዎቹን አርዶ፣ ሥጋቸውን በሞፈርና በቀንበሩ እንጨት ቀቅሎ ሕዝቡን ካበላ በኋላ ተነሥቶ ተከተለው፤ ያገለግለውም ጀመር። ከዚያ ቀን አንሥቶ ኤልያስ እስከሚያርግበት ቀን ድረስ ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ኤልሳዕ አንዳች አይናገርም። መምህሩ ስለ እረኝነት ወይም ስለ ነቢይነት የሰጠው ትምህርት አንድ እንኳ አልተጻፈልንም። ኤልያስ ስለ ናቡቴ ደም አክአብን ፊት ለፊት የገሠጸው ግን በዚሁ ረድእነት ዘመን ነው። ንጉሥን ሳይፈሩ መናገር ምን እንደሚመስል ኤልሳዕ ከማን እንደ ተማረው ለመገመት አያዳግትም።

በመጨረሻው ቀን መምህሩ በጌልገላ፣ በቤቴልና በኢያሪኮ ሦስት ጊዜ ከዚህ ቆይ አለው። ሦስት ጊዜ እንቢ አለ። ምን እንደሚሻ በተጠየቀም ጊዜ የለመነው የመንፈሱን እጥፍ ነው። እጥፍ ድርሻ በኦሪቱ ሕግ የበኵር ልጅ ርስት ነው (ዘዳ. 21፥17)፤ ስለዚህ ልመናው ከሹመት ጥያቄ ይልቅ የልጅነት ጥያቄ ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። ሠረገላው በወጣ ጊዜም የጮኸው ኤልያስን አባት ብሎ እየጠራ ነበር። መጐናጸፊያውን አንሥቶ ዮርዳኖስን ከተሻገረ በኋላ ያደረገው የመጀመሪያ አገልግሎት የኢያሪኮን ክፉ ውኃ መፈወስ ሆነ። ለአንድ ሰው እጅ ውኃ ሲያፈስስ የኖረ፣ አሁን ለከተማ ውኃ ሰጠ። በኋላም በኤዶም ምድረ በዳ ለሦስቱ ነገሥታት ሸለቆው በውኃ እንዲሞላ የተነበየው እርሱ ነው።

ስለ ኤልሳዕ ስንጽፍ ግያዝን ማለፍ አይቻልም። እርሱም የታላቅ ነቢይ ረድእ ነበረ፤ ቅርበት አልጎደለውም። የሱነማዊቱ ልጅ በሞተ ጊዜ ኤልሳዕ የገዛ በትሩን ሰጥቶ ላከው። ግያዝ ሮጦ ሄደ፣ በትሩንም በሕፃኑ ፊት ላይ አኖረ፤ ሕፃኑ ግን አልነቃም። ነቢዩ ራሱ መጥቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ጸልዮ፣ የሕፃኑ ገላ እስኪሞቅ ድረስ በላዩ ተጋደመ። በትር ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ በሕፃኑ ላይ የተጋደመው ሰው የነበረው ርኅራኄ ግን በዚያ መንገድ አይሻገርም። ግያዝ ከዚያ በኋላ ከንዕማን ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ በውሸት ተቀብሎ የንዕማንን ለምጽ ወረሰ። ዛሬም በመምህሩ ስም የሚለምንና መምህሩ እንቢ ያለውን ገንዘብ ከኋላ ተከትሎ የሚቀበል ረድእ ሲገኝ፣ ሕዝቡ የሚያማው መምህሩን ነው።

የኢትዮጵያ ምንኵስናም ሐረጉን የሚቈጥረው በመውለድ ቃል ነው። ከአባ እንጦንስ ተነሥቶ በመቃርስና በጳኵሚስ በኩል ወደ አቡነ አረጋዊ፣ ከእርሳቸውም እየወረደ ወደ አባ ዮሐኒ፣ ወደ አቡነ ኢየሱስ ሞዐና ወደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይደርሳል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ በዮሐኒ ሥር ከኖሩ በኋላ በሐይቅ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርትን ሰብስበው አስተማሩ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በዚያው ገዳም አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ትምህርት አልገባ ቢላቸው ወደ አባታቸው ቤት ተመልሰው ነበር። አባታቸው ግን አንድ ጊዜ ለእግዚአብሔር የሰጡትን ልጅ አልቀበልም ብለው፣ ትምህርቱ ባይሆን እንኳ ገዳሙን እንዲያገለግል መልሰው ላኩት። ያ ልጅ በሐይቅ እህል ይፈጭ ነበር። መጽሐፈ ምሥጢርን የጻፈው እጅ የወፍጮ መጅ የገፋ እጅ ነው።

እዚህ ላይ መምህራንን የሚመለከት ነገር አለ። በደብረ ሊባኖስ በኩል በሚነገረው ትውፊት ተክለ ሃይማኖት ከደብረ ዳሞ አስኬማ ተቀብለው ወደ ሐይቅ ሲመለሱ፣ መምህራቸው ኢየሱስ ሞዐ ከገዛ ደቀ መዝሙራቸው እጅ ተቀበሉ። ሐይቅና ደብረ ሊባኖስ በዚህ ነገር የየራሳቸው አነጋገር አላቸው፤ የቀዳሚነቱን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወዋለን። ትውፊቱ ግን መምህር ከልጁ ፊት ዝቅ ሲል ክብሩ እንደማይቀንስ አድርጎ ይተርከዋል። ረድእን ለእንስራና ለማገዶ ብቻ የሚፈልግ፣ ዘመኑ ሲደርስም መጐናጸፊያውን የማይጥልለት መምህር ከዚህ የራቀ ነው። ረድእነት ባርነት አይደለምና።

ዛሬ ዜማው በስልክ ይቀዳል፣ ትርጓሜው ታትሞ ይሸጣል፤ በዚህ አናዝንም፣ እንዲያውም ተጠቅመንበታል። ነገር ግን ከየአገሩ የሚመጡ ምእመናን በየአጥቢያቸው ስለሚነሣው የአስተዳደር ጠብ ሲያጫውቱን፣ ከክርክሩ ሁሉ በስተጀርባ አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል፤ ይህ የተመረጠው ሰው የማንን እጅ አስታጥቦ ያውቃል? ገንዘብ ማስተዳደሩና ንግግር ማሳመሩ ይመረመራል፤ ማን እንዳሳደገው፣ በማን ተገሥጾ እንደ ታገሠ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በገዳማት የሚኖሩ አረጋውያን አባቶች በአንጻሩ የሚያስታጥባቸው ረድእ እያጡ ነው። ተሳላሚው ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ሁሉን ቅዱስ ቦታ ለማየትም ይቸኵላል፤ ይህም ደግ ነው። ሆኖም ከሠርክ ጸሎት በኋላ በየበዓታቸው ደጃፍ ከሚቀመጡት አባቶች አንዱን ቀርቦ፣ እርስዎን ያሳደጉዎት አባት ማን ነበሩ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ፣ መልሱ ከአንድ ምሽት በላይ ይወስዳል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።