ፎርማን በሹመት?

በአገራችን ብዙ ነገር በሹመት ይገኛል። የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኞች ቡድን መሪነት፣ ሠራተኛው «ፎርማን» የሚለው፣ ግን ከዚህ መውጣት ነበረበት። ፎርማኑ የሚያዝዛቸው ሰዎች 15 ሺህ ቮልት የሚተላለፍበት መስመር ላይ የሚወጡ ናቸውና።

የዕድገት ማስታወቂያው ምን ይላል? ደረጃ 4፣ የብቃት ምዘና ምስክር ወረቀት፣ ይህን ያህል ዓመት የሥራ ልምድ። ዓመቱ ይቆጠራል፤ በዓመቱ ውስጥ ምን እንደተሠራ የሚጠይቅ የለም። 10 ዓመት የመጋዘን ቁልፍ የያዘና 10 ዓመት ምሰሶ የወጣ በቅጹ ላይ እኩል ናቸው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሙያው የትም ይቀሰም የት፣ የሚመዘነው ብቃቱ ነው ብሎን ነበር። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ምዘናው ግን ለብዙዎች አንድ ተጨማሪ ወረቀት ሆኖ ዐረፈ። (እኔም በወረቀት የምኖር ሰው ነኝ፤ ዶክትሬት ግን ፊውዝ እንኳ አያስቀይርም።)

«እንግዲያው አንጋፋው ይሾም» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ጓንት ማጥለቅን እንደ ፍርሃት የሚቆጥር አንጋፋ ከጀማሪው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ጀማሪዎቹ እሱን አይተው ይማራሉና። ፎርማን መስመሩን አስቋርጦ፣ ማቋረጫው እንዳይመለስ ቆልፎ፣ ኃይል አለመኖሩን ለክቶ፣ ከሥራው ቦታ ግራና ቀኝ ሽቦውን ከመሬት ጋር አገናኝቶ፣ ማለትም ኧርዝ አድርጎ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ «ውጡ» የሚል ሰው ነው። የመጨረሻው እርምጃ ትርፍ የሚመስለው ካለ በየሆቴሉ የሚያጓራውን ጄኔሬተር ያስብ። በአግባቡ ካልተነጠለ ኃይሉ በትራንስፎርመር በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ጠፍቷል የተባለውን መስመር ይሞላዋል።

ይህ ሁሉ በሥልጠና ይገኛል። የማይገኘው ሌላ ነው። ዝናብ እየዘነበ ከቢሮ ይደወላል፤ «የእንትና ሰፈር ጨልሟል፣ ቶሎ በሉ!» ይባላል። በዚያች ሰዓት «ኧርዝ አልተደረገም፣ ሰው አላወጣም» የሚል ፎርማን አለን? ቢልስ በማግስቱ ቦታው ላይ ይገኛል? ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት 155ኛ ስምምነት፣ ለሕይወቱ አስጊ ከሆነ ሥራ በበቂ ምክንያት የራቀ ሠራተኛ እንዳይጎዳ ይደነግጋል። በሹመት የመጣ ፎርማን ግን ይህን መብት ለማንሣት አይደፍርም፤ የደወለለት ሿሚው ነዋ!

የፎርማን ምዘና እጩው እውነተኛ ቡድን እየመራ፣ ምሰሶ ሥር ይካሄድ። መዛኙ ከአለቃው ቢሮ ውጭ ይሁን፤ ነፍሳቸውን አደራ የሚሰጡት የቡድኑ አባላትም ይጠየቁ። በሹመት ደብዳቤው ላይ ሥራ የማስቆም ሥልጣኑ በግልጽ ይጻፍ።