የኅዳር ጢስና የሳንባ ሕመምተኛ





በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን አዲስ አበባ በጢስ እንደምትሸፈን ማንም የሚያውቀው ነው። በየሰፈሩ ከግቢና ከመንገድ ዳር የተጠረገው ጥራጊ ይከመርና እሳት ይለቀቅበታል፤ ልጆች ይደሰታሉ፤ አላፊ አግዳሚውም አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። ለጤነኛ ሰው ነገሩ የአንድ ቀን የዐይን መቆጥቆጥ ነው። አስም ላለበት ወይም ሥር በሰደደ የሳንባ ሕመም ለሚሠቃይ ሰው ግን ትንፋሽ የሚያጥርበት፤ አንዳንድ ጊዜም በሌሊት ወደ ሐኪም ቤት የሚወሰድበት ቀን ነው። የዚህ ደብዳቤ አሳብ መጥረጉ ይቅር የሚል አይደለም፤ ማቃጠሉ ይቅር የሚል ነው።

የልማዱ መነሻ የታወቀ ነው። በ1911 ዓ.ም. በወርኀ ኅዳር፣ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ወደ አገራችን ገብቶ በአዲስ አበባ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪም ከታመሙት አንዱ ነበሩ። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎ ጠራው፤ ቆሻሻን ሰብስቦ ማጠንም በሽታውን ያርቃል ተብሎ ስለታመነ፣ ነገሩ «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ እስከ ዛሬ ቆየ። አባቶቻችን በዘመናቸው ዕውቀት ሕዝባቸውን ለማዳን ያደረጉት ነውና ልናመሰግናቸው ይገባናል። ይሁን እንጂ ኢንፍሉዌንዛ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽና በሳል የሚተላለፍ እንጂ በቆሻሻ ጢስ የሚባረር አለመሆኑን ዛሬ እናውቃለን። እንዲያውም ጢስ የመተንፈሻ ቧንቧን ስለሚያስቆጣ፣ የሳንባን በሽታ ለማባረር የተጀመረው ልማድ ራሱ የሳንባን በሽታ ቀስቃሽ ሆኖ ተገኝቷል።

ደግሞም የቀድሞው ጥራጊ ገለባና ቅጠል የበዛበት ነበር። ዛሬ ከክምሩ ውስጥ ፌስታል፣ የውኃ ፕላስቲክና የጎማ ጫማ አይጠፋም፤ የእነዚህ ጢስ ደግሞ ከእንጨት ጢስ ይልቅ መርዘኛ ነው። የኅዳርም አየር ለዚህ የሚመች አይደለም። ሌሊቱ ጥርት ያለና ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ከባዱ ቀዝቃዛ አየር ከመሬት ላይ ይተኛል፤ ከበላዩ ያለው ሞቃት አየር እንደ ክዳን ይሆንበታል። ስለዚህ ማታና ማለዳ የተለቀቀ ጢስ ወደ ላይ ወጥቶ በመበተን ፈንታ እኛው በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ይቀራል።

ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 የመተንፈሻ ቧንቧን አጥብቦ የሚያስቀረው ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ብቻ በዓለም ላይ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ገድሏል። የዚህ በሽታ ዋና መነሻው ትምባሆ ሲሆን፣ እንደ እኛ ባለ አገር ግን ሲጋራ በአፋቸው ገብቶ የማያውቅ እናቶች ለብዙ ዘመን በማገዶ ጢስ ውስጥ ሲያበስሉ ኖረው ይታመሙበታል። የያዘው ሰው አዘውትሮ ደኅና መስሎ ሥራውን ይሠራል። ቀስቃሽ ነገር ሲያገኘው ግን የመተንፈሻው ቧንቧ ያብጣል፤ አክታው ይበዛል፤ ትንፋሹም ያጥራል። በተለይ በዚህ በሽታ እንዲህ ባገረሸበት ቁጥር ሳንባው ወደ ቀድሞው ኃይሉ ሳይመለስ ሊቀር ስለሚችል፣ ካገረሸ በኋላ ከማከም አስቀድሞ ቀስቃሹን መራቅ ይሻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ቀስቃሹ ግን ለሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። አንዱን ጉንፋን፣ ሌላውን የማለዳ ብርድ፣ ሌላውን አቧራ፣ የበረኪና ወይም የሽቶ ሽታ፣ የርጥብ ግድግዳ ሻጋታ ይቀሰቅስበታል። ስለዚህ ሕመምተኛው የራሱን ጠላት ለይቶ ማወቅ ይገባዋል፤ ለዚህም ከአንድ ደብተርና ከአንድ እርሳስ በቀር ወጪ የለበትም። ደረቱ በተጨነቀ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነበረበትን ቦታና ከዚያ በፊት ያደረገውን ይጻፍ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነገሩ ራሱ ይገለጣል። ከማስተምራቸው ልጆች አንዲቱ አስም ነበረባትና ይህንኑ ብታደርግ፣ ሕመሙ የሚነሣባት ክፍሉ ውኃ ሳይረጭ በደረቁ በሚጠረግበት ማለዳ መሆኑ ታወቀ። ከዚያ ወዲያ ወለሉ በርጥብ ጨርቅ እንዲወለወል ተደረገ፤ ጥቁር ሰሌዳውም ልጆቹ ከወጡ በኋላ የሚጠፋ ሆነ። ልጅቱም በዚያ ወሰነ ትምህርት የቀረችበት ቀን እጅግ ጥቂት ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ልጅቱ ቀስቃሹን ማወቅ ቻለች፤ መጥረጊያው ግን በእርስዋ እጅ አልነበረም። አብዛኛው ሕመምተኛም እንዲሁ ነው። የሚቀሰቅስበትን ያውቃል፤ እሳቱ፣ ከሰሉና ሲጋራው ግን በጎረቤቱ፣ በባልደረባውና በአለቃው እጅ ነው። ስለዚህ ነገሩን ለሕመምተኛው ብቻ ትተን «ራስህን ጠብቅ» ማለታችን ፍርድ አይመስለኝም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችንን እንመልከት። አሮጌ ፋይል ከጣሪያ እስከ ወለል በተከመረበት መዝገብ ቤት ጠባብ መስኮት እንኳ «ንፋስ ይመታናል» ተብሎ ተዘግቶ ይውላል፤ በዚያው ላይ ከሰል ተያይዞ ቡና ይቆላል፤ ዕጣንም ይጤሳል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በሥራ ቦታ ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሎ ሳለ፣ ከደረጃው ሥር ሲጋራ የሚለኩስ አይታጣም። እኔ ቡናችንን እንተው አልልም፤ ነገር ግን ቡናው ከደጅ ተቆልቶ ቢገባ ጣዕሙ አይቀንስም። ለሁሉም የሚሆን ቀላል ሕግ አለ፤ ይኸውም ጢሱ ከውስጥ ሲሆን መስኮት ይከፈታል፤ ጢሱ ከውጭ ሲሆን መስኮት ይዘጋል የሚል ነው። ጉንፋን የያዘውም ሰው አፍና አፍንጫውን ቢሸፍን፣ እጁንም ቢታጠብ፣ ለእርሱ የሦስት ቀን ሕመም የሆነው ነገር ባልደረባውን አልጋ ላይ እንዳይጥለው ይረዳል።

ሕመምተኛውም ሕመሙን ይሸሽጋል፤ በሰው ፊት በአፉ የሚስበውን መድኃኒት ለማውጣት ያፍራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ለቅርብ ባልደረባው ቢናገር፣ ሐኪም በየቀኑ እንዲወስድ ያዘዘለትንም መድኃኒት ደኅና ነኝ ብሎ ባያቋርጥ ይበጀዋል። ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ትንፋሽ ካጠረው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ወይም ማስታገሻው ካልረዳው ግን «እስኪ ነገ ይታያል» ሳይባል ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

ወደ ኅዳር 12 ልመለስ። «የአባቶቻችን ልማድ ነውና አይነካ» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። አባቶቻችን የፈለጉት ግን ንጽሕናንና ጤናን ነበር፤ ጢሱ መንገዱ እንጂ ግቡ አልነበረም። ስለዚህ ቀኑ የጽዳት ቀን ሆኖ ይኑር። ግቢያችንንና የቦያችንን ዳር እንጥረግ፤ ፕላስቲኩንና ጎማውን ለይተን ቆሻሻ ለሚሰበስቡት ማኅበራት እናስረክብ፤ ቅጠሉንና ሣሩን በጉድጓድ ቀብረን ለአትክልታችን ማዳበሪያ እናድርግ። የወረዳ ሹማምንትም ከበዓሉ አስቀድመው ቆሻሻ የሚያነሣ መኪና በየሰፈሩ ቢያሰማሩ፣ ሕዝቡ ክብሪት የሚጭርበት ምክንያት አይኖረውም። ትምህርት ቤቶችም በዋዜማው ለልጆች የ1911ን ታሪክና የጢስን ጉዳት አስተባብረው ቢያስተምሩ፣ ልጆቹ በየቤታቸው መልካም መካሪዎች ይሆናሉ።

ይህ እስኪሆን ድረስ የሳንባ ሕመም ያለበት ሁሉ በዚያ ቀን ማታና ማለዳ ከቤት ባይወጣ፣ መድኃኒቱንም ከአጠገቡ ባይለይ መልካም ነው። ክብሪት የያዘውም ሰው ከመጫሩ በፊት፣ ከአጥሩ ማዶ ደረቱን ይዞ የተቀመጠ ጎረቤት እንዳለው ያስብ። በ1911 ዓ.ም. በዚያ በሽታ ላለቁት ወገኖቻችን፣ በሕይወት ያሉት በደኅና እንዲተነፍሱ ከማድረግ የተሻለ መታሰቢያ ያለ አይመስለኝም።



አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ