ቀለሙ ሲነጠል የሚነበብ ገጽ፦ የቀድሞ የቤት ኮምፒውተሮችና የተዘነጋው ሞኒተር

የቀድሞ የቤት ኮምፒውተሮችን ታሪክ የሚያጠና ተመራማሪ የማሽኑን ዓይነት፣ የማኅደረ ትውስታውን መጠንና የፕሮግራሙን እትም በጥንቃቄ ይመዘግባል። ማሽኑ ከየትኛው ሞኒተር ጋር፣ በየትኛው ሲግናል እንደ ተገናኘ ግን በቀላሉ ይዘነጋል። ዝንጋኤው ግን ቀላል አይደለም። በአንድ መስመር 80 ፊደላት የሚደረደሩበት ገጽ በባለ ቀለም ሞኒተር ላይ በቀለም ሲታይና በዚያው ሞኒተር ላይ ቀለሙ ተነጥሎ ሲታይ፣ ሁለት የተለያዩ ማስረጃዎች ናቸው።

ምክንያቱ በሲግናሉ ውስጥ ይገኛል። የሰሜን አሜሪካው የኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. ሥርዓት ብሩህነትንና ቀለምን በአንድ ሽቦ ያስተላልፋል፤ ቀለሙ የሚጫነው 3.58 ሜጋኸርዝ ገደማ በሆነ ሞገድ ላይ ነው። የ80 ዐምድ ጽሑፍ የሚያወጣ ኮምፒውተር ፒክስሎቹን የሚልከው ከዚህ አራት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ፍጥነት ነውና፣ የፊደላቱ ቀጫጭን ቋሚ መስመሮች ከቀለሙ ሞገድ ጋር ይምታታሉ። ሞኒተሩ የፊደሉን ጠርዝ ቀለም ነው ብሎ ይተረጉመዋል፤ በነጩ ፊደል ዙሪያ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ይታያል። ቀለሙን ከብሩህነቱ የሚለየው ማጣሪያም ጥቃቅኑን ዝርዝር አብሮ ይጠርገዋል። ቀለሙ ሲነጠል ግን ያው ሞኒተር ጽሑፉን ጥርት አድርጎ ያሳያል።

ሠሪዎቹ ይህን ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው አፕል ቱ በመጀመሪያዎቹ ሰሌዳዎቹ በጽሑፍ ገጽ ላይም የቀለም ማመሳከሪያ ምልክቱን ይልክ ነበር፤ በኋላ በተሻሻለው ሰሌዳ ላይ ምልክቱን በጽሑፍ ጊዜ የሚያቋርጥ ዑደት ተጨመረ። በ1981 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. ባለ ቀለም የግራፊክስ ካርድም (ማሽኑ ከቤት ይልቅ ለቢሮ የታሰበ ቢሆንም) ምልክቱ የማይላክበት የ80 ዐምድ አሠራር ነበረው። ከሁሉም የሚያስተምረው የ1985ቱ ኮሞዶር 128 ነው። የ80 ዐምድ ገጹ ለአር.ጂ.ቢ. ሞኒተር የታቀደ ቢሆንም፣ ከመሰኪያው ዘጠኝ እግሮች ሰባተኛው የአንድ ቀለም ሲግናል ያወጣል። አር.ጂ.ቢ. ሞኒተር የሌለው ባለቤት ከዚህ እግር ሽቦ ስቦ በተራው ባለ ቀለም ሞኒተር ላይ ጽሑፉን በነጭና በጥቁር ያነብ ነበር። ቀለሙን በመተው 80 ዐምድ አገኘ።

በርግጥ እንዲህ ያለው ሞኒተር ከእውነተኛው ባለ አንድ ቀለም ሞኒተር ጋር አይተካከልም። የባለ ቀለም ሞኒተር ስክሪን በሦስት ቀለማት የተከፋፈለ ሲሆን ከጀርባው ጨረሩን የሚያጣራ የብረት ወንፊት አለው፤ የባለ አንድ ቀለሙ ግን አንድ ወጥ ልባስ ብቻ ነው። ስለዚህ አረንጓዴውን ሞኒተር የሚመርጡ ሰዎች ስለ ጥራት የሚሉት ትክክል ነው። ስለ ታሪክ ግን አይደለም። ቀን ደብዳቤ፣ ማታ ጨዋታ በአንድ ሞኒተር በሚታይበት ቤት የነበረው ንባብ ይኸው ቀለሙ የተነጠለበት ንባብ ነው።

በኢሙሌተር የተነሣ አንድ ምስል ብቻ አይቶ «የዘመኑ የጽሑፍ ፕሮግራሞች ለዓይን አድካሚ ነበሩ» ብሎ የሚደመድም የመመረቂያ ጥናት የሽቦውን ጥፋት በፕሮግራሙ ላይ ሊጭን ይችላል፤ በተቃራኒው፣ ኢሙሌተሩ ሲግናሉን ሳያስመስል ያወጣው ጥርት ያለ ምስል ማንም ያላየውን ገጽ ያሳያል። ስለሆነም ከምስሉ ግርጌ የሞኒተሩ ዓይነት፣ የገባው ሲግናልና የቀለም ማመሳከሪያ ምልክቱ መኖር ወይም አለመኖር መጻፍ አለበት። አንድ መስመር ይበቃዋል።